ቦታውን የሳተው ምንጭ

የካርታ ነዳፊ ሆኜ የተቀጠርኩት በሃያ ሦስት ዓመቴ፣ ከልደታ ወደ ሰንጋ ተራ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው። የደርግ ዘመን ወደ ማብቂያው እየተቃረበ ነበር፤ እርግጥ ያኔ ማብቂያው መሆኑን ማናችንም አናውቅም። ቤታችን እዚያው ልደታ ስለነበር በእግሬ እመላለሳለሁ። ወሩ በገባ በመጀመሪያው ቀን ቤተ ክርስቲያን ተሳልሜ ስለምመጣ ትንሽ አረፍዳለሁ። ኃላፊያችን ሰዓታቸውን አይተው ዝም ይሉኛል።

ኃላፊያችን ቁጥብ ሰው ነበሩ። ሲቆጡም ሲደሰቱም ድምፃቸው አይለወጥም። ሁለት ዓመት አብሬያቸው ስሠራ ከሰላምታና ከሥራ ያለፈ ነገር ተነጋግረን አናውቅም። ከእሳቸው ይልቅ የምቀርበው አንጋፋውን ቀያሽ ነበር። ጋሼ እላቸዋለሁ። ጡረታ ሊወጡ ጥቂት የቀራቸው፣ ወጣትነታቸውን በድንኳን የጨረሱ ሰው ናቸው። ካርታ ሲያዩ ጣታቸውን ወረቀቱ ላይ እያስኬዱ "እዚህ ጋ አቀበቱ ይከብዳል፤ እዚህ ጋ ጥሩ ጎመን አብልተውናል" ይላሉ።

በዚያ ሰሞን ከከተማው ወደ ደቡብ የሚወርድ አዲስ የባቡር መስመር እንዲጠና ከበላይ ታዘዘ። ሐዲዱን የሚነድፉት መሐንዲሶች ሌላ ቦታ ናቸው። የእኛ ክፍል ድርሻ መስመሩ በአካባቢው ላይ ምን እንደሚያደርስ ማየት ነበር፤ የትኛውን ደን እንደሚቆርጥ፣ የትኛውን ምንጭ እንደሚነካ፣ የማንን እርሻ ለሁለት እንደሚከፍል። ቀድሞ ይህን የምንሠራው በእጅ ነው። ወንዙን በአንድ ስስ ወረቀት፣ ደኑን በሌላ፣ መንደሩን በሌላ ገልብጠን ከሥሩ መብራት ባለው የመስታወት ጠረጴዛ ላይ እንደራርባቸዋለን። ከዚያ ጎንበስ ብለን የሚነካካውን እንቆጥራለን። ከሰዓት በኋላ ላይ ዓይናችን ደም ይመስላል።

ከውጭ በተገኘ እርዳታ አንድ ኮምፒዩተር የመጣልን ያኔ ነው። ካርታ የሚሠራ ፕሮግራም አብሮት መጣ። ካርታ የሚዘረጋበት ሰፊ ጠረጴዛም አለው። በገመድ የተያያዘች መጠቆሚያ ይዘን ወንዙን ስንከተል ኮምፒዩተሩ ውስጥ ወንዝ ይሠራል። አንድ የውጭ ባለሙያ ሦስት ሳምንት አስተማረንና ሄደ። ቶሎ የገባኝ እኔ ስለሆንኩ ማሽኑ ለእኔ ተሰጠ። እንዴት ደስ እንዳለኝ አትጠይቁኝ። አቧራ እንዳይገባበት እናቴ ከነጠላ ጥለት የሰፋችለትን ሽፋን ጠዋት አንስቼ፣ ማታ አልብሼው እሄዳለሁ። መብራት በጠፋ ቁጥር የግማሽ ቀን ሥራ ይዞብኝ ይሄዳል፤ እሱንም ለምጄው ነበር።

ሁሉንም ካርታዎች አስገብቼ ሳበቃ ከቀረቡት ሦስት መስመሮች አንደኛው ጎልቶ ወጣ። ግራና ቀኙን ግማሽ ኪሎ ሜትር ያህል ብናይ አንድም ምንጭ አይነካም። ከኮምፒዩተሩ ጋር የመጣው በእስክሪብቶ የሚስል ማሽን ካርታውን በቀለም አወጣው። ኃላፊያችን ለረጅም ጊዜ አይተውት "ጥሩ ነው" አሉ። ከእሳቸው አፍ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሪፖርቱ ላይ ፈረሙ፤ ወደ በላይ አካል ሄደ።

በሳምንቱ ጋሼ ከመስክ ተመለሱ። ካርታው ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ነበር። መነጽራቸውን አድርገው ጣታቸውን በመስመሩ ላይ አስኬዱ። ከዚያ ጠሩኝ።

"ልጄ፣ ይህ ምንጭ እዚህ አይደለም" አሉኝ።

ማሽኑ እንደማይሳሳት ነገርኳቸው። አልተቆጡም። ምንጩ ዳር ሁለት ሳምንት ድንኳን ተክለው እንደኖሩ፣ ከመስኮት የሚታይ ያህል ቦታውን እንደሚያስታውሱት፣ መስመሩ የሚያልፈው ጭራሽ ከምንጩ በላይ ባለው ኮረብታ ላይ እንደሆነ አስረዱኝ። እኔ ግን በልቤ፣ አርጅተው ተሳስተዋል አልኩ።

እሳቸው ሲሄዱ፣ ለማረጋገጥ ያህል ማስታወሻ ደብተሬን አወጣሁ። ካርታ ወደ ኮምፒዩተሩ ከመግባቱ በፊት የአራቱ ማዕዘናት ቁጥር ይጻፋል፤ ማሽኑ ቦታውን የሚያውቀው በዚያ ነው። ምንጩ ባለበት ካርታ ላይ የመጀመሪያውን ማዕዘን ስገለብጥ ሁለት አኃዞች አቀያይሬያለሁ። ሌሎቹን ሦስቱን ደግሞ ከካርታው ላይ እንደማንበብ ከመጀመሪያው ላይ እየደመርኩ አወጣኋቸው። አራቱም እኩል ስለተሳሳቱ ማሽኑ ምንም ቅር አላለውም። ወረቀቱ በሙሉ ከነወንዙ፣ ከነመንደሩ፣ ከነምንጮቹ ወደ ምዕራብ ተንሸራቷል።

ከዚህ የባሰው ሌላ ነው። ካርታዎቹን ጎን ለጎን ሳገጣጥም ወንዙ ከወንዙ ጋር አልገጠመልኝም ነበር። ካርታዎቹ በተለያየ ዓመት ስለተሠሩ ይሆናል ብዬ ወንዙን በእጄ ቀጥዬ አገናኘሁት። ያንን ስቀጥል ልቤ ትንሽ ጠርጥሮ እንደነበር ደብተሩን ይዤ ተቀምጬ ትዝ አለኝ። ሥራው እንዲያልቅ ስለፈለግሁ አልፌው ነው።

ያን ዘመን ያላየ ሰው ለምን እንደፈራሁ ላይገባው ይችላል። የመንግሥት ሥራ ሲበላሽ ስህተት የሚባለው ሁልጊዜ አይደለም፤ አሻጥር ሊባልም ይችላል። አሻጥር ከተባለ ደግሞ ነገሩ ከመሥሪያ ቤት ይወጣል። መሥሪያ ቤታችን ውስጥ የፖለቲካውን ጉዳይ የሚከታተል ካድሬ ነበር። ክፉ ሰው ነበር ማለት አልችልም፤ ግን በስብሰባ ላይ ያችን ቃል ሲላት ሁላችንም ወደ መሬት እናያለን። ሁለት ቀን እህል አልበላ አለኝ። እናቴ ስትጠይቀኝ ራሴን አመመኝ እላለሁ። ዝም ብል ማን ያውቃል? ባቡሩ ቢሠራ እንኳ ከስንት ዓመት በኋላ ነው እያልኩ ራሴን አባብላለሁ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ጋሼ በር ላይ አገኙኝ። ፊቴን አይተው ገባቸው መሰለኝ፣ ወደ ግቢው ጥግ ወሰዱኝ። ደብተሩን አሳየኋቸው። ረጋ ብለው አነበቡና መለሱልኝ።

"አይቼ ዝም አልልም" አሉ። "ግን መጀመሪያ የምትናገሪው አንቺ ነሽ። እኔ አጠገብሽ እቆማለሁ።"

አብረን ገባን። ኃላፊያችን ስናገር አላቋረጡኝም። በእጄ የቀጠልኩትን ወንዝ ሳይቀር ነገርኳቸው። ስጨርስ ተነሥተው በሩን ዘጉት። ሌላ የሚያውቅ ሰው አለ ወይ ብለው ጠየቁ። ከእኛ ሌላ የለም አልናቸው። አሁንስ አለቀልኝ ብዬ ስጠብቅ ወረቀት ሳቡና መጻፍ ጀመሩ።

"ሪፖርቱ ላይ የፈረምኩት እኔ ነኝ" አሉ። "ሳላጣራ ፈርሜያለሁ። ይህ የእኔ ነው። የአንቺ ደግሞ ካርታውን ማስተካከል ነው።"

ጋሼ፣ ሪፖርቱ እንዲመለስ የሚጠይቀው ደብዳቤ ብቻውን እንዳይሄድ፣ መሬት ላይ የተለካ ማስረጃ ይኑረው ብለው ሐሳብ አቀረቡ። ለእኔም የይለፍ ወረቀት ተጻፈልኝ። በሳምንቱ በመሥሪያ ቤቱ ላንድሮቨር ወረድን። እስከዚያ ቀን ድረስ አገር የማውቀው በወረቀት ነው። ሰማያዊ ነጥብ አድርጌ የሳልኩት ምንጭ ትልቅ ዋርካ ሥር ከድንጋይ መሐል የሚወጣ፣ እጅ የሚያደነዝዝ ውሃ ሆኖ አገኘሁት። ጋሼ መሣሪያቸውን ተክለው ለኩ። ቦታው እንዳሉት ነበር።

ስንለካ አንዲት አሮጊት ገንቦ ይዘው መጡ። ጋሼ በኦሮምኛ አነጋገሯቸው፤ ለእኔ ይተረጉሙልኛል። አሮጊቷ ምን እንደምንሠራ ጠየቁ። ስለ ባቡሩ ስንነግራቸው አልከፋቸውም፤ ልጃቸው ሩቅ አገር ስላለ ባቡር ቢኖር ይመጣልኛል አሉ። ቀጥለው በእጃቸው ወደ ማዶው ሸለቆ አመለከቱ። እዚያ እንዲህ ያለ ምንጭ እንደነበር፣ መንገድ ሠሪዎች ምንጩን ሳይነኩት ከበላዩ ያለውን ኮረብታ ብቻ እንደቆረጡት፣ በዓመቱ ግን ውሃው እንደነጠፈ ነገሩን። ጋሼ የመጨረሻ ንግግራቸውን ሁለት ጊዜ ተረጎሙልኝ።

"ውሃው የሚመጣው ከኮረብታው ሆድ ነው ይሉሻል። መንገድ ሠሪዎቹ ሆዱን ቀደው ዓይኑን ተውነው ይላሉ።"

መኪና ውስጥ ይህን ደብተሬ ላይ ጻፍኩት። ማሽኑን የምጠይቀው ምንጩ ከሐዲዱ ምን ያህል ይርቃል ብዬ ነበር። ቁጥሮቼ ሁሉ ትክክል ቢሆኑ ኖሮም ጥያቄዬ ጎዶሎ ነበር። ስመለስ ምንጭ በምንጭ፣ ከበላዩ ያለውን ተዳፋት ዝናብ እስከሚሰበስብበት ጫፍ ድረስ አስገባሁ። ወር ገደማ ፈጀብኝ። ኃላፊያችን አዲስ ደንብ አወጡ፤ ከዚያ ወዲህ የማዕዘን ቁጥር ሲገባ አንድ ሰው ጮክ ብሎ ያነባል፣ ሌላው ይጽፋል፣ ከዚያ ይቀያየራሉ። የሚያነብልኝ ሰው ሲጠፋ እሳቸው ራሳቸው መጥተው ወንበር ይስባሉ።

ጉዳዩ በስብሰባ ላይ መነሣቱ አልቀረም። ካድሬው የተፈረመ ሪፖርት እንዴት ተመልሶ ይሳባል፣ ከጀርባው ማን አለ ብሎ ጠየቀ። ኃላፊያችን በዚያው በማይለወጥ ድምፃቸው መለሱ፦

"ጓድ፣ አሻጥር የሚሠራ ሰው ስህተቱን ራሱ ይዞ አይመጣም። ስህተቱን ያመጣችልን እሷ ናት። ያልመረመርኩት እኔ ነኝ።"

ጋሼ ተነሥተው የለኩበትን ወረቀት አስቀመጡ። ካድሬው ወረቀቱን አገላብጦ አየ፤ ከዚያ ወደሚቀጥለው አጀንዳ አለፈ። ያ ብቻ ነው የሆነው። ለኃላፊያችን ግን የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሳቸው፤ በዚያ ዓመት ይጠበቅ የነበረው ዕድገታቸውም ቀረ። ይህን የሰማሁት ከጸሐፊያቸው ነው። እሳቸው አንድም ቀን አላነሱብኝም።

መስመሩ ከኮረብታው ወዲያ እንዲዞር ሐሳብ አቀረብን። ሐሳቡ ተቀባይነት አገኘ፤ ሆኖም ጦርነቱ እየከበደ ሲመጣ ጥናቱ መደርደሪያ ላይ ተቀመጠ፤ በዚያ ዘመን ሐዲድ አልተነጠፈም። ድካማችን ከንቱ ቀረ ብሎ ያዘነ ነበር፤ እኔ ግን አላዘንኩም። ሙያዬን የተማርኩት እዚያ ውስጥ ነው። ጋሼ ጡረታ ሲወጡ የመስክ ካርታዎቻቸውን ለእኔ ትተውልኝ ሄዱ፤ በየጠርዙ የውሃውን ጣዕም ሳይቀር ጽፈውበታል። በየዓውደ ዓመቱ ቤታቸው ሄጄ እጠይቃቸው ነበር። እስኪያርፉ ድረስ አልተውኩም።

መንግሥት ተለውጦ ሁላችንም ከተበታተንን በኋላ፣ ኃላፊያችንን ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ጨርቅ ሱቅ በር ላይ ከባለቤታቸው ጋር አገኘኋቸው። ፀጉራቸው ነጥቷል። ያኔ ያልነገርኳቸውን ምስጋና መንገድ ላይ ቆሜ ነገርኳቸው፤ እንባዬም መጣ። እሳቸው አፈሩ። ባለቤታቸው ማን እንደሆንኩ ሲጠይቋቸው፣ "አብራኝ ትሠራ ነበር፤ የምትታመን ልጅ ናት" አሉ። ባለቤታቸው እጄን ይዘው ምሳ ካልበላሽ አንለቅሽም አሉኝ። ቤታቸው ሄድኩ፤ ሽሮ ቀረበ። ኃላፊዬ ከተዋወቅን ለመጀመሪያ ጊዜ ከሥራ ውጪ ያለ ጨዋታ አጫወቱኝ፤ ስለሚያረቧቸው ንቦች። እስከ አሥር ሰዓት ተቀመጥኩ።