የጋሽ ዳንጊሶ ግራ ጎማ

በደርግ ጊዜ ነው፤ አንድ እሁድ ጠዋት። የቀበሌው ሰው በሙሉ ስብሰባ ላይ ነው። እኔ ግን «ወባ ተነስቶብኛል» ብዬ ቀርቼ አሞራ ገደል፣ ሀይቁ ዳር፣ ተሳቢ ሥር በጀርባዬ ተኝቻለሁ...

ተሳቢውን የገዛሁት በዚያው ሳምንት ነበር። ባለ ሁለት ጎማ ነው፤ አሮጌዋ ላንድሮቨሬ የምትጎትተው። ሻጩ ጋሽ ዳንጊሶ ጴንጤ ናቸው፤ ከአፋቸው ውሸት ሲወጣ የሰማ ሰው አዋሳ ውስጥ የለም። ስንዋዋል በሽማግሌዎች ፊት «ጋሼ፣ የሁለቱም ጎማ ኩሽኔታ ግራሶ አለው?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

«አለው ልጄ። በገዛ እጄ ነው የቀባሁት።»

ከዚያ ግራ ጎማው ላይ እጃቸውን ጭነው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ረጅም ጸሎት አደረጉ። ከንፈራቸው ብቻ ነበር የሚንቀሳቀሰው። ሁላችንም «አሜን» አልን።

ሰኞ ዓሣ ጭኜ ሻሸመኔ ልሄድ ነው። ባለቤቴ ደግሞ ቅርጫቶቹን እየጠበቀች ተሳቢው ላይ ልትቀመጥ። ታዲያ ከቅዳሜ ጀምራ ነዘነዘችኝ።

«ጎማው ተፈቶ ካልታየ አልሳፈርም!»

«እንዴ! የጋሽ ዳንጊሶን ጎማ ፈታ ቢባል ሰው ምን ይለኛል? ውሸታም ናቸው ማለት እኮ ነው!»

«እሳቸው ድነዋል። ኩሽኔታው መዳኑን በምን አወቅህ?»

ስለዚህ ማንም በማያየኝ በስብሰባው ሰዓት ክሪክ ይዤ ወረድኩ። ያን ጊዜ ግራሶ እንደ ስኳር ጠፍቶ ስለነበር፣ ለምኜ ያገኘሁትን በዱቄት ወተት ጣሳ ይዣለሁ።

መጀመሪያ ቀኙን ፈታሁ። ኩሽኔታው... ያብረቀርቃል! ግራሶው አዲስ፣ ጥግብ ያለ። አፈርኩ። እንዲህ ያለ ሰው መጠርጠሬ አንገበገበኝ። መልሼ ገጠምኩትና «ግራውንም ብፈታ ኃጢአት ነው» ብዬ ዕቃዬን መሰብሰብ ጀመርኩ።

እዚያው ሥር እንዳለሁ የሰው እግር መጣ። ቀስ ይላል... ቆም ይላል... ሰው እንዳያየው ዞር ዞር ይላል። ግራ ጎማው አጠገብ ቁጢጥ ሲሉ አየኋቸው። ጋሽ ዳንጊሶ! በአንድ እጃቸው ክሪክ፣ ከጋቢያቸው ሥር ደግሞ የግራሶ ጣሳ።

ዓይን ለዓይን ተጋጠምን።

«አንተ... ስብሰባ አልሄድክም እንዴ?»

«ወባ ይዞኝ ነው ጋሼ» አልኩ፣ እስከ ክርኔ ግራሶ ተለቅልቄ። «እርስዎስ?»

«እኔም አሞኛል ብያለሁ። እውነቴን ነው፤ እንቅልፍ በዓይኔ ከዞረ አራት ቀኔ።» አቀረቀሩ። «ልጄ፣ ግራሶው የበቃው ለቀኙ ብቻ ነው። አንዴ በሽማግሌ ፊት ‹አለው› ካልኩ በኋላ መመለስ አቃተኝ።»

ግራውን አብረን ፈታነው። ኩሽኔታው ደርቆ፣ ዝጎ፣ መዳፌ ላይ ፍርክስክስ አለ። ሻሸመኔ ሳንደርስ ጎማው ወልቆ ብቻውን ይቀድመኝ ነበር። ባለቤቴን እዚያ ላይ ተቀምጣ ሳስባት የእውነት ተናደድኩ።

«ታዲያ እጅዎን ጭነው ያን ሁሉ ሲጸልዩ ምን እያሉ ነበር?»

«‹ጌታ ሆይ፣ ይሄ ልጅ ጎማውን ሳይፈታው እንዳይሄድ አድርገው› እያልኩ።»

ጸሎታቸው ተሰምቷል፤ አልክድም። ግን ምናለ እኔም እንድሰማው ትንሽ ጮክ ብለው ቢጸልዩ!