ናፍጣ የማይወርድለት ትራክተር

ባሌ ከሠራዊቱ በሾፌርነት ጡረታ ሲወጣ አሰበ ተፈሪ ውስጥ ቤትና ጓሮ ነበረን። ቁጭ ብሎ መብላት ይችል ነበር። ግን የት አባቱ ይቀመጣል! የሞተር ድምፅ ሳይሰማ ውሎ አያውቅማ። ከቆላው እርሻዎች አንዱ የጣለውን አሮጌ የናፍጣ ትራክተር አስጎትቶ አመጣና ግቢያችን ውስጥ ሲፈታና ሲገጥም ከረመ። ከኔ ፊት ይልቅ የሞተሩን ሆድ ነበር የሚያየው። "ይሄ ሰውዬ ሁለተኛ ሚስት አገባብኝ" እያልኩ ለጎረቤት እቀልድ ነበር። ስቄ ነበር የማወራው፤ ያኔ መሳቅ ይቻል ነበር።

የምናርሰው መሬት የኛ አልነበረም። ከአሰቦት ባቡር ጣቢያ አለፍ ብሎ፣ የገዳሙ ተራራ ፊት ለፊት ያለ ሜዳ ነው፤ ባለቤቱ አንድ የኦሮሞ ሽማግሌ ናቸው። መሬት ከሳቸው፣ ትራክተር ከኛ፣ ማሽላው እኩል ለእኩል ተባለ። ሽማግሌው አማርኛቸው የገበያ አማርኛ ነው፤ እኔንም ባሌንም፣ ትራክተሩንም "አንተ" ነበር የሚሉት። እኔ ግን በጣም እወዳቸው ነበር። ገና ስደርስ "መጣህ?" ብለው ከዛፍ ሥር ተነሥተው ቦታቸውን ይለቁልኛል።

ሽማግሌው ጥሩ ጥሩ በሬዎች ነበሯቸው፤ አንድ ጥማድ። ባሌ ያያቸው ዕለት ሣቀባቸው። "አባ፣ እነዚህን ምን ያደርጉልዎታል? ሣር መጨረስ ነው እንጂ! ይሄ የኔው ጉድ እነሱ ወር የሚፈጁበትን በአንድ ቀን ይገለብጥልዎታል" አላቸው። ሽማግሌው አመኑት። ሴት ልጃቸውን መሰላ የሚባል ደጋ አገር ድረው ነበርና በሬዎቹን ለአማቻቸው ሰጧቸው። እንግዲህ ዝናብ ሲመጣ ትራክተሩ ካረሰ አረሰ፤ ካላረሰ ያ ቤተሰብ የሚበላው የለውም። ነገሩ ይኸው ነበር፤ ባሌም እኔም እናውቀዋለን።

የቆላ ዝናብ ልመና አያውቅም። የበልጉ ዝናብ መጥቶ አፈሩን ካረጠበው በቀናት ውስጥ አርሰህ ካልዘራህ ፀሐይዋ መሬቱን መልሳ ታደርቀዋለች። ስለዚህ ደመናው እንደታየ ትራክተሩን ወደ ታች ነድተን እዚያው ሰፈርን። ሰሌን ወጥረን ከሥሩ ተኛን። ናፍጣው ከጣቢያው በበርሜል ይመጣልናል፤ በርሜሉ ደግሞ ስንት አገር የዞረ፣ ውስጡ በዝገት የተበላ ነው።

ባሌ ሠራዊት ቤት ሲማር አንድ ነገር ጭንቅላቱ ውስጥ ተቸንክሮ ቀርቷል፤ ቆሻሻ ናፍጣ ሞተር ይገድላል። እውነት ነው፣ ይገድላል። ታዲያ በምን ያጥራው? እኛ ቤት ጠጅም ሆነ ሌላ ነገር የሚጠለለው በጨርቅ ነው።

"ነጠላ አምጪልኝ" አለኝ።

አሮጌ ነጠላ ሰጠሁት። አገላብጦ አየና መለሰልኝ። "ይሄማ ቆሽሿል፤ አዲሱን ነው ያልኩሽ።"

"ለፋሲካ አንድ ቀን የለበስኩትን?"

"ናፍጣ የሚገፋው ፖምፓ ከሚበላሽ ያንቺ ነጠላ ይበላሽ።"

ኧረ ጉድ ነው! ከሸማኔው እጅ ከወጣ ገና ውኃ ያልነካውን ነጠላዬን ሰልባትዮው አፍ ላይ፣ የናፍጣው ቋት ላይ ማለቴ ነው፣ ወጠረና እንደ ጠጅ አጠለለው። ናፍጣው ጥርት ብሎ ሲወርድ ፊቱ በራ። ነጠላዬ ግን ከዚያ ወዲያ ለምንም አልሆነም።

ማረስ ጀመርን። አፈሩ ጥቁርና ለስላሳ ሆኖ ሲገለበጥ ሽማግሌው ከኋላ እየተከተሉ "ማሻ አላህ! ማሻ አላህ!" ይላሉ። ባለቤታቸው እልል አሉ፤ እኔም አልኩ። ትራክተሩ ከሜዳው ጫፍ ደርሶ ተመለሰ፤ ሁለተኛውን ዙር ሲያጋምስ ጉልበቱ ከዳው፤ ሳል ሳል አለውና ፀጥ አለ።

ባሌ አልደነገጠም። "አየር ገብቶበታል" አለ። የናፍጣ ማጣሪያው፣ ፊልትሮው፣ ላይ ያለውን ቡሎን ላላ አድርጎ ናፍጣውን በእጅ ይገፋ ጀመር፤ መጀመሪያ አረፋ ወጣ፣ ቀጥሎ ንጹሕ ናፍጣ። አጠበቀው፤ ተነሣ፤ አረሰ። ብዙም ሳይሄድ እንደገና ጠፋ። ፊልትሮውን አውጥቶ አጠበ። ተነሣ፤ ጠፋ። ከሰልባትዮው ወደ ፊልትሮ የሚወርደውን ቱቦ ፈትቶ ባፉ እፍ አለበት። ናፍጣ ውጦ አስታወከ። ያን ጊዜ ግን ትራክተሩ ከሁሉም ጊዜ የተሻለ ሄደ፤ "አገኘሁት!" ብሎ ጮኸ፤ ሽማግሌውም አብረው ጮኹ። ከዚያ ደግሞ፣ ምን ልበላችሁ፣ ጠፋ። በጠፋ ቁጥር "የሆነ ቆሻሻ አምልጦኛል" እያለ የሚጨምረውን ናፍጣ አንዴ ያጠልል የነበረውን ሁለቴ ያጠልለዋል። ሁለተኛ ነጠላዬም በዚሁ ሄደ።

"እስቲ ሰልባትዮውን ያራግፉት" ብዬው ነበር። ዐውቄ አይደለም፤ ሌላ ያልተነካ ነገር ስላልቀረ ነው።

"ሰልባትዮው ውስጥ ያለው ከጠበል የጠራ ናፍጣ ነው! ሌላ ቦታ ፈልጊ" አለኝ። በደህና ቀን አንቱ ነው የምለው፤ ያን ዕለት "አንተ ደረቅ!" ብዬ ጥዬው ሄድኩ። ሽማግሌው ከዛፉ ሥር ሆነው ደመናውን ያያሉ። ዝናቡ ሁለት ጊዜ መጥቶ ሄዶ ነበር።

ከአሰበ ተፈሪ መካኒክ አስመጣን። ጆሮውን ሞተሩ ላይ ጥዶ ሰማና "ፖምፓው ሞቷል፤ ድሬዳዋ ወስዳችሁ አሠሩት" ብሎን ሄደ። ባሌ ፖምፓውን ፈታና በጨርቅ ጠቅልሎ እንደ ሕፃን አቅፎት ባቡር ላይ ወጣ። እኔ ፖምፓ የሌለውን ትራክተር እየጠበቅኩ እዚያው ቀረሁ።

በዚያው ሰሞን ሽማግሌው በሬዎቹን በውሰት ሊጠይቁ መሰላ ወጡ። ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። ምን እንዳሏቸው ስጠይቃቸው ትከሻቸውን ነቀነቁ።

"በሬው እርሻ ላይ ነው። በዚህ ቀን በሬ ማን ይሰጣል? እኔም ብሆን አልሰጥም፣ ወላሂ።"

በማግስቱ ከባለቤታቸው ጋር ደንጎራ ይዘው ወጡ። ደንጎራ የዚያ አገር መቆፈሪያ ነው፤ እንጨቱን መሬት ላይ ተክለህ አፈሩን ትፈነቅላለህ፤ ለጎረምሳ እንኳ ይከብዳል። የቆመው ትራክተር አጠገብ ሁለት ሽማግሎች እያለከለኩ ቆፈሩ። ጎረቤት ሁሉ የራሱን መሬት ለማድረስ ይሯሯጣል፤ ማን ይርዳቸው? እኔም ገብቼ እጄ እስኪላጥ ቆፈርኩ። እልህ ነበር የያዘኝ፤ በባሌ፣ በትራክተሩ፣ በሰማዩ ጭምር። ሰሌን የምታክል ቦታ ላይ ማሽላ ዘራን።

ባሌ ሲመለስ ፊቱ ከስሏል። ድሬዳዋ ወረፋ አስጠብቀውት፣ ፖምፓውን ፈታተው አይተው፣ "ምንም የለበትም" ብለው መልሰው ሰጥተውታል። ገጠመው። ሞተሩ ተነሣ። ትንሽ ሄደና እንደ ልማዱ ሳል ሳል ብሎ ጠፋ።

ባሌ ሌላ የሚፈታው ስላልቀረ ወረደና ሰልባትዮውን እስከ ጠብታው አራግፎ ከታች ያለውን መውረጃ ፈታ። ከመውረጃው አፍ ላይ ጣት የምታክል ነጭ ነገር መዞ አወጣ። ጥጥ ነው። የነጠላዬ ጥጥ፤ ባጠለለ ቁጥር እየረገፈ ቋቱ ውስጥ የገባ። ሞተሩ ናፍጣ ሲስብ ጥጡ መጥቶ መውረጃውን ይደፍናል፤ ሞተሩ ሲጠፋ ተመልሶ ይንሳፈፋል። ባፉ እፍ ሲልበት ሽቅብ ይገፋውና ለጊዜው ይለቀዋል። ባጠራ ቁጥር ይብስ የሚደፍነው ራሱ ነበር። መዳፉ ላይ አድርጎ አሳየኝ። ልሰድበው አፌን ከፍቼ ነበር፤ ፊቱን ሳየው አቃተኝ።

ከዚያ በኋላ ትራክተሩ አልጠፋም። ግን ለምን ይጠቅማል? ዝናቡ ወደ ደጋው ወጥቶ ቀርቷል፤ መሬቱ ደርቆ ማረሻው ሲነካው ጓል ጓል እያለ ይገለበጣል፣ አቧራው ሜዳውን ይሸፍነዋል። ባሌ እንደዚያም ሆኖ አረሰ፤ ሜዳውን በሙሉ ገለበጠው። ሽማግሌው ቆመው ሲያዩት ከዋሉ በኋላ "ዲሲ" አሉት፤ በኦሮምኛ ተወው ማለት ነው። ማሽላውን ግን ዘራነው። የሚሆን መስሎን አልነበረም። በደንጎራ የቆፈርነው ቦታ ላይ ብቻ ብቅ ብሎ ነበር፤ እሱም ጉልበት ሳይደርስ አረረ።

ሽማግሌው መሬቱን ትተው ከአማቻቸው ጋር ሊኖሩ ወሰኑ። የሰጧቸውን በሬዎች ተከትለው መሄዳቸው ነው፤ እሳቸው በሰው ቤት ጥገኛ ሆነው፣ በሬዎቹም የሰው ሆነው። ባሌ ዕቃቸውን እስከ አሰበ ተፈሪ በትራክተር ላድርስልዎት አለ፤ ከዚያ አማቻቸው በአህያ ይቀበላቸዋል። ሌላ የሚሰጣቸው ነገር አልነበረውም። አልጋውን፣ ድስቱን፣ የእህል ጎታውን ባዶውን፣ ተሳቢው ላይ ጫንን። እኔና ባለቤታቸው ዕቃው መሐል ተቀመጥን፤ ሽማግሌው ከባሌ ጎን የጎማው መከላከያ ብረት ላይ ተደገፉ።

ከሚኤሶ በላይ ያለው ዳገት ከባድ መኪና የሚያስለቅስ ዳገት ነው። ትራክተሩ ያን ሁሉ ጭኖ አንዴም አልሳለም። ድምፁ ከታች እስከ ላይ አንድ ዓይነት ነበር። ሽማግሌው ዞር ብለው ወደኔ ጮኹ፤ ፊታቸው ላይ እውነተኛ ደስታ ነበር።

"ሰማህ? ዳነ! አልሃምዱሊላሂ፣ ዳነ!"

ባሌ ወደፊት ብቻ ነው የሚያየው። እኔ ያን የመለሰልኝን አሮጌ ነጠላዬን አፌ ላይ ጭብጥ አድርጌ ይዤ እመቤቴን ለመንኳት፤ ይጥፋ፣ አንዴ ብቻ ይጥፋ፣ እዚህ ዳገቱ ላይ ይቁምና እንመለስ እያልኩ። አሰበ ተፈሪ ገበያው በር እስክንደርስ አልጠፋም።