ዳንቴል የለበሰው ላፕቶፕ

ላፕቶፑ ከደቡብ አፍሪካ የመጣው በአንድ የሰፈራችን ልጅ ሻንጣ ውስጥ፣ በሹራብ ተጠቅልሎ ነው። የላከው ታላቅ ወንድሜ ነው። ወንድሜ እዚያ ሱቅ ይሠራል፤ ከሱቁ ሌላ የሚወደው ነገር ቢኖር ኮምፒውተር መፍታትና መግጠም ነው። ከላፕቶፑ ጋር አንዲት ፍላሽ ልኮልኛል፤ የላፕቶፑ ክዳን ላይ ደግሞ ጀርባው ጥቁር፣ ሆዱ ነጭ የሆነ የወፍ ሥዕል ለጥፎበታል። አክስቴ ላፕቶፑን ወደ መስኮቱ አስጠግታ ሥዕሉን አየችውና፣ «ይኼ ዳክዬ ደግሞ ሱፍ ለብሶ የማን ሚዜ ነው?» አለች።

የምኖረው ሆሳዕና ውስጥ ከእሷ ከአክስቴ ጋር ነው። ትምህርቴ ስምንተኛ ክፍል ላይ ቆሟል። ከመናኸሪያው ማዶ ባለ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ውስጥ ፎቶ ኮፒ አነሣለሁ። ሥራው ይስማማኛል፤ ሰው ወረቀቱን ይሰጠኛል፣ እኔ ቅጂውን እሰጠዋለሁ፣ ብዙ ማውራት የለበትም። በዚያው ሱቅ በራሷ ላፕቶፕ ማመልከቻና የሠርግ ፕሮግራም የምትጽፍ ልጅ ነበረች። ደንበኛ በማይኖርበት ሰዓት እያስነካችኝ ከእሷ መጻፍ ተምሬያለሁ። ባለፈው አግብታ ወደ ሾኔ ሄደችና ጠረጴዛው ባዶ ቀረ። የሱቁ ባለቤት ጠርቶኝ፣ ለቅዳሜ ገበያ የሚሠራ ኮምፒውተር ይዤ ከደረስኩ ወንበሩ የእኔ እንደሚሆን፣ ካልሆነ ግን ዲፕሎማ ያላት አንዲት ልጅ ከዱራሜ እንደምትመጣ ነገረኝ። እሺ ያልኩት በአንገቴ ነው።

ላፕቶፑ አብሮት የመጣ ሲስተም ነበረው። ይሁን እንጂ ገና ሲከፈት ኢንተርኔት ጠየቀኝ፤ ሰጠሁት። ከዚያ ራሱን ላድስ ብሎ የሳምንቱን ፓኬጄን በአንድ ከሰዓት በላው። ወንድሜ ይህን ሲሰማ አላዘነም፤ እንዲያውም ሲጠብቀው የኖረ ይመስል ነበር። ፍላሿ ውስጥ ያለው ሊኑክስ የሚባል ሲስተም እንደሆነ፣ ክዳኑ ላይ ያለው ወፍም የእሱ ምልክት እንደሆነ፣ በየአገሩ ያሉ ሰዎች ተጋግዘው እንደሠሩት፣ ማንም በነፃ ወስዶ መጫን፣ የቻለ ደግሞ ውስጡን ከፍቶ ማስተካከል እንደሚችል በረጅም የድምፅ መልእክት አስረዳኝ። የአማርኛው ፊደልም አብሮት አለ፤ ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል። አክስቴ ከጎኔ ሆና ስትሰማ ቆየችና፣ «ታዲያ ደቦ ነው በይኛ» አለችኝ። ቀጥላም ስልኩን ወደ አፏ አስጠግታ፣ «ደቦ ከሆነስ ምሳውን የሚያበላቸው ማነው?» ብላ ጠየቀችው።

እኔ የምመልስለት ሁልጊዜ በጽሑፍ ነው። ለገዛ ወንድሜ እንኳ ድምፄን መቅዳት ያሳፍረኛል። እሱም ሲቀልድብኝ፣ «እቱ፣ ካንቺ ጋር ማውራት የቀበሌ ማስታወቂያ እንደ ማንበብ ነው» ይለኛል።

ሐሙስ ከሰዓት ፈቃድ ጠይቄ ቀረሁና ጀመርኩ። ፍላሿን ሰካሁ፣ እንዳለኝ አደረግሁ፤ አሮጌውን አጥፍቼ አዲሱን ልጫን ወይ ብሎ ሲጠይቀኝ ሁለቴ አንብቤ አዎ አልኩት። መስመሩ ቀስ እያለ መሙላት ጀመረ። ችግሩ ሐሙስ የአክስቴ የጸሎት ቡድን ቀን መሆኑ ነው። ሴቶቹ በየተራ ቤት ለቤት ይሰበሰባሉ፤ ቤት ውስጥ አዲስ ነገር ከገባ፣ ፍሪጅም ይሁን ባጃጅ፣ እጃቸውን ጭነው ሳይጸልዩበት ሥራ አይጀምርም። አክስቴ ላፕቶፑን የዕለቱ ርዕስ አድርጋዋለች።

ሻይ ልቀዳ ማድ ቤት ገባሁ። ስመለስ ላፕቶፑ የሳሎኑ ጠረጴዛ መሐል ላይ፣ ከቴሌቪዥኑ ላይ የተነሣ ነጭ ዳንቴል ለብሶ ተቀምጧል። ክዳኑ ተዘግቷል። አክስቴ በኩራት እያየችኝ ነበር። ሴቶቹ ከበውት እጃቸውን ጫኑ፤ ረጅሟ የቡድኑ መሪ ጀመረች። «አትዝጉት፣ እየተጫነ ነው» ማለት የነበረብኝ ያኔ ነው። ግን እነሱ ዓይናቸውን ጨፍነዋል፤ ጸሎት እንዴት ይቋረጣል? ሊኑክስን ለሠሩት ሁሉ ተጸለየ፤ ለወንድሜ ተጸለየ፤ በዚህ ዕቃ ክፉ ነገር እንዳይጻፍ ተጸለየ። እኔ ዓይኔን ገልጬ የሻይ ትሪውን እንደያዝኩ አሜን አልኩ።

ሲጨርሱ ለአክስቴ ስልክ ተደወለ። አንጋጫ የሚኖር ዘመድ ሞቶባታል። ሴቶቹ አጅበዋት ከቤት ቀጥታ ወደ መናኸሪያ ሄደች። እኔ ዳንቴሉን አነሣሁ፣ ከፈትኩት። ስክሪኑ ጥቁር ነው፤ ላዩ ላይ ጥቂት ነጭ የእንግሊዝኛ መስመሮች ብቻ። አጥፍቼ አበራሁት፤ ያው ነው። ያን ጊዜ ጎኑን ባየው ፍላሿ የለችም።

ለወንድሜ «ተበላሸ» ብዬ ጻፍኩለት። የሆነውን እየጠየቀ፣ እኔም በአንድ በአንድ ቃል እየመለስኩ ታሪኩን አወጣጣው። ከዚያ የላከው የድምፅ መልእክት ግማሹ ሳቅ ነው፤ «ዳንቴል አለበሳችሁት?» ይላል፣ ደግሞ ይስቃል። በመጨረሻ አልተበላሸም፣ ፍላሿን ሰክቼ ከመጀመሪያው ብጀምር ይሠራል አለኝ። ፍላሿ የት እንዳለች ግን እሱም አያውቅም። ጠረጴዛው ሥር፣ ሶፋው ውስጥ፣ የሻይ ትሪው ላይ ፈለግሁ። አክስቴ ስልኳን አታነሣም፤ ለቅሶ ቤት ማን ያነሣል? ያኔ ትዝ አለኝ፦ አክስቴ ትንሽ ነገር ባየች ቁጥር የምታስቀምጠው በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ነው።

ዓርብ ማለዳ አንጋጫ ሄድኩ። ድንኳኑ ሙሉ ነው። ገብቼ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» አልኩ፣ ማንም እንዳልሰማኝ ግልጽ ነው፤ ከሴቶቹ መሐል ተቀመጥኩ። አክስቴ ከሟች ሚስት ጎን ናት፤ ነጠላዋ ወገቧ ላይ ታስሯል፤ ቋጠሮው ከዚያ ይታየኛል። ሰው እያለቀሰ ፍላሽ አይጠየቅም። የማላውቀውን ሟች አሰብኩ፣ ቅዳሜን አሰብኩ፣ ከዱራሜ የምትመጣውን ልጅ አሰብኩ፣ እንባዬ መጣ። አጠገቤ የነበረች ሴት ትከሻዬን እየዳበሰች፣ «በጣም ትወጂው ነበር መሰል» አለችኝ። የባሰ አለቀስኩ።

ምሳ ሊቀርብ ሴቶቹ ሲነሡ ወደ አክስቴ ተጠጋሁ። ገና ስታየኝ ደረቷን ያዘች። «ምነው? ወንድምሽ ምን ሆነ?»

«ደኅና ነው። ፍላሽ...»

«ምን?»

ድምፄ አልወጣም ነበር። ትንፋሼን ሰብስቤ፣ ከፍ አድርጌ፣ «ፍላሿን ስጪኝ፣ አክስቴ። ያለ እሷ ነገ ሥራ የለኝም» አልኩ። እንዲህ ከፍ ይላል ብዬ አላሰብኩም ነበር፤ ድንኳኑ ሁሉ ዞሮ አየኝ።

አክስቴ ቋጠሮዋን ፈታች። ውስጡ አንድ ቁልፍ፣ የነጭ ሽንኩርት ፍንካችና ፍላሿ አሉ። «ወጣ ብላ ዳንቴሉን አላስተኛ አለችኝ» አለች። «እንዳትሰበር ብዬ ነው ያወጣኋት።» ቀጥላም ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ደግሞ ድምፅ አለሽ ለካ» አለችኝ።

ሚኒባሱ ውስጥ ከመስኮቱ ጋር ተጠግቼ ለወንድሜ የመጀመሪያውን የድምፅ መልእክት ላክሁ፤ «አገኘኋት» የሚል ብቻ። እሱ ደግሞ በጽሑፍ መለሰልኝ፤ «ይቅርታ፣ ማን ልበል?»

ቤት ደርሼ በሩን ከውስጥ ቀርቅሬ ከመጀመሪያው ጀመርኩ። መስመሩ እስኪሞላ ከአጠገቡ አልተነሣሁም። ፀሐይ ሳትጠልቅ ተከፈተ፤ የአማርኛውን ፊደል አስገባሁና የመጀመሪያ መስመሬን ጻፍኩ፦ «እባካችሁ አትዝጉት»።

ቅዳሜ ጠዋት ላፕቶፑ ሱቅ የደረሰው ዳንቴሉን እንደለበሰ ነው። አክስቴ ከለቅሶ በስልክ፣ አቧራ እንዳይነካው ብላ አስጠንቅቃኛለች። የሱቁ ባለቤት ዳንቴሉን፣ ከሥሩም ሱፍ የለበሰውን ወፍ ተራ በተራ አየ።

«ይኼ ሙሽራ ሥራ ይችላል?» አለኝ።

«ይሞክሩት፣ ጋሼ» አልኩት።

ቆሜ እንዳለሁ የዋጋ ማስታወቂያ አስጻፈኝ። እስክጨርስ ከኋላዬ ቆሞ አየ፤ ከዚያ ወንበሩን ራሱ ወደ እኔ ገፋው።

የመጀመሪያዋ ደንበኛዬ ረጅሟ የጸሎት ቡድን መሪ ሆነች። የልጇን የሠርግ ፕሮግራም ልታስጽፍ ነው የመጣችው። ወረቀቱን ከቦርሳዋ ከማውጣቷ በፊት ላፕቶፑን አይታ ፈገግ አለችና፣ ሥራ ከመጀመራችን በፊት አጭር ጸሎት እናድርግ አለች። እጇ ወደ ክዳኑ ሲመጣ እኔ ቀደምኳት።

«ይጸልዩ፣ እትዬ» አልኩ፤ አሁንም ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር። «እኔ እይዘዋለሁ።»

እሷ ዓይኗን ጨፈነች። እኔ አንድ እጄን ክዳኑ ላይ፣ አንዱን ፍላሿ ትሰካበት የነበረው ቀዳዳ ላይ አድርጌ፣ ዓይኔን እንደገለጥኩ አሜን አልኩ።