ከታንክ ደረሰኝ ላይ የፋቅኳት ፊደል

የእጅ ጽሑፌ ማማር ብዙ ምርቃት አስገኝቶልኛል። በእሱ ሰበብ እንጀራቸውን ያጡም አንድ ሰው አሉ።

አቃቂ ባቡር ጣቢያ የዕቃ ጭነት ጸሐፊ በነበርኩበት ዘመን፣ ማመልከቻ ማስጻፍ የፈለገ ሁሉ ወደ እኔ መስኮት ይመጣ ነበር። አንድ ቀን ጎረቤቴ የሆኑ ሽማግሌ የተጣጠፈ ደረሰኝ ይዘው መጡ። እኚህ ሰው ታንክ ነበራቸው። ቀልዴን አይደለም፤ ጣሊያን ጥሎት የሄደ፣ መሣሪያው የተነቀለ ትንሽ ታንክ በመንግሥት ጨረታ ገዝተው፣ ሞተሩን በገዛ እጃቸው ጠግነው፣ ክረምት በመጣ ቁጥር በአቃቂ ጥቁር ጭቃ የተያዙ ካሚዮኖችን ይጎትቱበት ነበር። የሚኖሩት በእሱ ነው። አሁን ግን የጦር ዕቃ በእጁ ያለ ሰው ሁሉ ባለቤትነቱን በሰነድ ያረጋግጥ፣ ያለዚያ ይወረሳል ተባለ።

ደረሰኙን ሳነበው ክው አልኩ። የጨረታው ጸሐፊ፣ እጁ ይሰበርና፣ «አንድ ታንከር» ብሎ ጽፎታል።

«አባባ፣ ይሄ እኮ የውሃ ታንከር ነው የሚለው» አልኳቸው።

«እኔ የውሃ ታንከር ምን ያደርግልኛል? ወንዝ ዳር እየኖርኩ!» አሉ ተቆጥተው። ፊደል አይለዩም፤ ያን ሁሉ ዓመት ወረቀቱን በሣጥን ቆልፈው ያኖሩት ታንክ የሚል መስሏቸው ነው።

አንጀቴን በሉት። እውነቱን ለመናገር ደግሞ በእጄ እመካ ነበር። ሳላማክራቸው ምላጭ አወጣሁና «ር»ን ፍቄ አጠፋኋት፤ «ከ»ንም ትንሽ ጭረት ጨምሬ «ክ» አደረግኋት። በቃ፣ ታንክ ሆነ አልኳቸው። መረቁኝ።

ወደ ወረዳው ጽሕፈት ቤት አብሬያቸው ሄድኩ። ሹሙ ደረሰኙን ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አድርጎ ያዘው፤ ምላጩ ያሳሳው ቦታ ወለል ብሎ ታየ። ጨረታውን ያወጣው ያው ጽሕፈት ቤት ነበርና የደረሰኙን ቀሪ ከመዝገብ ቤት አስመጣ። ጮክ ብሎ አነበበው፤ «አንድ ታንከር ከነሰንሰለቱ።»

ቀና ብሎ አየን። «በሰንሰለት የሚሄድ የውሃ ታንከር የት አገር ነው ያለው? የጸሐፊ ስህተት መሆኑ ግልጽ ነው፤ እንዳለ ብታመጡልኝ አጸድቅላችሁ ነበር። ይሄ ግን ስርዝ ድልዝ ነው። ማነው የፋቀው?»

«ከነሰንሰለቱ» የሚለውን እኮ እኔም ደረሰኙ ላይ አንብቤዋለሁ! ዓይኔ ያቺ «ር» ላይ ተተክሎ ቀረ እንጂ።

«እኔ ነኝ» አሉ ሽማግሌው ቀድመውኝ።

«እሳቸው አይደሉም! ፊደል አይለዩም፤ እኔ ነኝ» አልኩ።

ሹሙ ሰነድ ማበላሸት እንደሚያስከስስ፣ ሥራዬንም እንደሚያሳጣኝ ነገረኝ። ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«ጌታዬ፣ ታንኩን ውሰዱት፤ አልከራከርም። ልጁን ብቻ ማሩልኝ» አሉ።

ሹሙ ጥቂት አሰበና ክሱን ተወው። ታንኩን ግን ወረሰው።

ታንኩ በባቡር እንዲወሰድ ወደ ጣቢያችን መጣ። ፉርጎው ላይ ያወጡትም ሽማግሌው ራሳቸው ናቸው፤ ሞተሩን ማስነሳት የቻለ ሌላ ሰው አልነበረም። የጭነቱን ወረቀት የምሞላው ደግሞ እኔ ነኝ። ሲጨርሱ መጥተው መስኮቴ ላይ ቆሙና ብዕሬን ያዩ ጀመር። ከሃፍረቴ የተነሳ ቀና ብዬ ላያቸው አልቻልኩም።

«ምን ይላል?» አሉኝ።

«ታንክ።»

«የማን ነው ይላል?»

«የመንግሥት» አልኳቸው።

«እሺ ልጄ። ይሄን ደግሞ እንዳትፍቀው።»