ያላጠበቅሁት ፍሬን

ይህን ለነፍስ አባቴ እንኳ ተናግሬው አላውቅም። ሌላውን ኃጢአቴን ሁሉ እዘረዝርላቸዋለሁ፤ የጓደኛዬ የደሴ ነገር ላይ ስደርስ አፌ ይያዛል። ደሴን የገደልሁት እኔ ነኝ።

ሁለታችንም የጎንደሯ ትክል ድንጋይ ልጆች ነን። በንጉሡ ዘመን ጎንደር ተምረን፣ አብረን ወደ ምሥራቅ ወርደን ባቡር ሥራ ገባን። ያኔ ከአሜሪካ አንድ የጭነት ባቡር መጣ፤ በናፍጣ የሚሠራ፣ ያን ሁሉ ፉርጎ ሳያቃስት የሚጎትት። ረዳት ነጂው እኔ ነበርሁ። ሞተሩ ሲጠፋ በአየር የሚሠራው ፍሬን ቀስ በቀስ ይለቃል፤ ስለዚህ ከመውረዴ በፊት የእጅ ፍሬኑን ማጥበቅ ነበረብኝ። የእኔ ሥራ ነበር። የደሴ አልነበረም።

ደሴ የሞተ ዕለት ቁልቁለት ላይ ያለ አንድ ጣቢያ ሞተሩን አጥፍተን ቆመን ሳለ፣ በሩ ላይ ፎቶ አንሺ ዕቃውን ሊሰበስብ ሲል አየሁ። በአዲሱ የደንብ ልብሴ ተነሥቼ አገር ቤት ልልክ ፈለግሁና ፍሬኑን ሳላጠብቅ ዘልዬ ወረድሁ። ምነው አንድ ደቂቃ ብቆይ? እኔ ደረቴን ነፍቼ ስቆም ባቡሩ በቁልቁለቱ ወደ ኋላ ተንሸራተተ። ደሴ ከኋላ ጎንበስ ብሎ ፉርጎ ሊያያይዝ ነበር። በመካከል ቀረ።

አለቆቹ ፍሬኑን ማጥበቅ የማን ተራ እንደነበር ጠየቁ።

«ደሴ እኔ አጠብቀዋለሁ ብሎኝ ነበር» አልሁ። ሬሳው ገና አልተነሣም።

በዓመቱ ለፈቃድ ጎንደር ስመጣ አባቱ አያ ወርቁ በእግራቸው መጥተው አገኙኝ።

«ልጀ፣ ምነው ደሴ ፍሬኑን ረሳው? ነገር የሚረሳ ልጅ አልነበረም እኮ።»

ፈራሁ። የፊተኛው ውሸት አልበቃ ብሎኝ፣ «ጠጥቶ ነበር፣ አያ» አልኋቸው።

ሽማግሌው «እውነቱን ስለነገርኸኝ እግዜር ያክብርህ» ብለውኝ ሄዱ። ከዚያ ወዲያ ሰው የልጃቸውን ስም ሲያነሣ ከተቀመጡበት ተነሥተው ይወጡ ነበር አሉ። እንዳፈሩበት ሞቱ።

አሁን የምናገረው የሚጠይቀኝ ስለሌለ ይሆን? እንጃ። ልጅነት ነው አልልም። ፍሬኑን ረሳሁት፤ ለመርሳት ምሕረት ይኖር ይሆናል። አባቱን ግን ዐይን ዐይናቸውን እያየሁ ነው የዋሸኋቸው።

አንተ ይህን የምታነብ፣ ይቅር በለኝ አልልህም። ደሴ ጠላ እንኳ ቀምሶ አያውቅም፤ ይህን ብቻ እወቅለት።