ሁለት በጎች በአዝሩ

ባለቤቴን ኤልፍነሽን ሎስ አንጀለስ ውስጥ ፌርፋክስ አካባቢ የምንኖር ሐበሾች ሁሉ «ቄሰ ገበዟ» ነበር የምንላት። ቤተ ክርስቲያን በሌለበት ከተማ ቄሰ ገበዝ መሆን እንዴት ያለ አድካሚ ሥራ እንደሆነ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም፤ አብሬያት የምኖረው እኔ ነኝና። ጊዜው በፈረንጆቹ አቆጣጠር የሰባዎቹ መጨረሻ ነው። መንገዱ ገና የአይሁድ ሽማግሌዎችና የአሮጌ ዕቃ ሱቆች መንገድ ነበር። እኛ ለትምህርት መጥተን፣ አገር ቤት የሚሆነውን ስንሰማ መመለሻው የጠፋብን፣ ኪራዩ ረከስ ያለበት ሕንፃ ውስጥ ተጠጋግተን እንኖራለን። እኔ ኅሩይ ታክሲ እነዳለሁ። እሷ ሳንታ ሞኒካ አንድ ሆስፒታል ውስጥ በሽተኛ ታነሳለች፣ ታስተኛለች፤ በተረፈው ጊዜዋ የሁላችንንም ጾም ትጠብቃለች።

ቁመቷ አጭር ነው፤ ድምፅዋ ግን እስከ ፒኮ ጎዳና ይሰማል። አንድ ረቡዕ ቀን የማነ የሚባል ተማሪ ሃምበርገሩን እየገመጠ ከአንድ ምግብ ቤት ሲወጣ አውቶቡስ ውስጥ ሆና አየችው። ፌርማታዋ ሳይደርስ ወረደች።

«አንተ! ዛሬ ረቡዕ ነው!»

«እትዬ ኤልፍነሽ፣ ፋይናል ኤግዛም ነበረብኝ፤ ሶ…»

«ሶ ምን? ኤግዛም ጾም ያስፈታል?»

ልጁ የቀረውን ቆሻሻ ውስጥ ጣለው። ከዚያ ወዲህ ረቡዕና ዓርብ በርባንክ ድረስ ድራይቭ አድርጎ ነው የሚበላው እያሉ ይቀልዱበት ነበር።

እንግዲህ የዚህች ሴት ታናሽ እህት ናት ሙስሊም ያገባችው። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም።

አዜብ ትባላለች። እናታቸው አዜብን ወልደው ብዙም ሳይቆዩ ስለሞቱ ያሳደገቻት ኤልፍነሽ ናት፤ ራሷ ገና ልጅ ሆና አዝላታለች፣ አስተምራታለች። አዜብ አዲስ አበባ የፈረንሳይ ትምህርት ቤት ጨርሳ ፈረንሳይ አገር ሄደች፤ እዚያ ድሪስ ከሚባል፣ ሕክምና ከሚማር የሞሮኮ ሰው ጋር ተዋወቀች፤ አገባችው፤ ተከትላው አገሩ ገባች። ወሬው ፌርፋክስ የደረሰ ዕለት ኤልፍነሽ ምን እንዳደረገች ልንገራችሁ። ጥቁር ለበሰች። ፍራሽ መሬት ላይ አነጠፈችና ለቅሶ ተቀመጠች። ጓደኞቻችን መርዶ መስሏቸው ምግብ ተሸክመው መጡ፣ ሴቶቹ አብረዋት አለቀሱ። በመጨረሻ አንዱ «ምን አሟት ነው የሞተችው?» ብሎ ጠየቀኝ። «አልሞተችም፤ ባል አግብታለች» ስለው አፉን ይዞ ቀረ። እኔም አፍሬ ወደ ማድቤት ገባሁ። በሕይወት ላለ ሰው ለቅሶ ሲቀመጥ አይቼ አላውቅም ነበር።

ከዚያ በኋላ አራት ዓመት ሙሉ አዜብ የሚባል ስም ቤታችን ውስጥ አልተነሳም። በአራተኛው ዓመት፣ በፋሲካ ማግስት ስልክ ጮኸ። ሩቅ አገር እንደሆነ ከጫጫታው ታወቀኝ፤ መነጋገሪያውን ለኤልፍነሽ ሰጠኋት። አዜብ አንድ ነገር ብቻ ነው ያለቻት፦ «እትዬ፣ መጥተሽ በዓይንሽ እዪኝ። ካየሽኝ በኋላ እህት የለኝም ማለት ትችያለሽ።»

ኤልፍነሽ ስልኩን ዘጋች።

«እሄዳለሁ» አለች። «ሰልማ ከሆነ በዓይኔ አይቼ ዝምድናውን እቆርጠዋለሁ፤ እስከ ዕለተ ሞቴ ስሟን አላነሳም። ካልሰለመች ደግሞ ጎትቼ አመጣታለሁ።»

«ባሏንስ?»

«ባሏ ዶክተር ነው አሉ፤ ራሱን ያክም።»

አብሬያት ሄድኩ። ብቻዋን ብልካት ከሞሮኮ ጋር ጦርነት ታስነሳለች ብዬ ፈራሁ።

ሞሮኮ ማለት ለእሷ ግመልና አሸዋ ነበርና ነጠላ ጫማና ስስ ቀሚስ ይዛ ነው የመጣችው። ከካዛብላንካ የተሳፈርንበት አውቶቡስ ግን ሽቅብ መውጣት ጀመረ። ወጣ፣ ወጣ፣ አሁንም ወጣ። ሜዳው አለቀ፤ ዝግባ ጫካ መጣ፤ ጫካው ውስጥ ጦጣዎች ቁጭ ብለው አውቶቡሱን ይመለከታሉ። ብርዱ የደብረ ብርሃን ነው። ኤልፍነሽ የእኔን ኮት ለብሳ «ኅሩይ፣ በስሕተት ሌላ አገር መጥተን እንዳይሆን ጠይቅልኝ» ትላለች። ማንን በምን ቋንቋ ልጠይቅ? አዝሩ የምትባለው ትንሽ ከተማ ከተራራው ሥር፣ ከአንድ ትልቅ ቋጥኝ ጎን፣ አረንጓዴ ጣሪያዋን ደፍታ ብቅ ስትል ሁለታችንም ወደ መስኮቱ ተጠጋን። ያን ያህል ታምራለች ብሎ የነገረን ሰው አልነበረም።

አዜብ አውቶቡሱ ጋ ቆማ ትጠብቀን ነበር። ሮጣ እህቷ አንገት ላይ ተጠመጠመች፤ አለቀሰች። ኤልፍነሽም ልቧ ሊራራ ሲል አየሁ። በዚህ መሃል የአዜብ ሻርፕ ተንሸራተተ። አንገቷ ባዶ ነው። ማተብ የለም። የኤልፍነሽ ፊት ወዲያው አመድ መሰለ፤ እጆቿ ከእህቷ ጀርባ ላይ ወረዱ። ወደ እኔ ዞር ብላ «የፈሩት ይደርሳል» አለችኝ። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ነገሩ በልቅሶና በመሳሳም የሚያልቅ መስሎኝ ነበር።

የድሪስ እናት ላላ ረቂያ ይባላሉ። ቀጭን፣ ግንባራቸው ላይ ንቅሳት ያላቸው አሮጊት ናቸው፤ ኤልፍነሽን አገላብጠው ሳሟት፣ እጇን በራሳቸው እጅ አስታጠቧት። ማዕድ ቀረበ። እኛ ክርስቲያኖች ሙስሊም ያረደውን እንደማንበላ የኢትዮጵያ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ እነሱም የእኛን አይበሉም፤ ሰርግ ሲሆን ለየብቻ ይታረዳል፤ ማንም በማንም አይቀየምም። አዝሩ ላይ ግን ይህን ማን ያውቃል? ጾም ቢሆን ኖሮ ጥሩ ማምለጫ ነበር፤ ወቅቱ ግን ሃምሳው ነው፣ ረቡዕም ዓርብም የማይጾምበት። ኤልፍነሽ እንዲህ ስትቸገር አይቻት አላውቅም። «ሆዴን አሞኛል» አለችና ዳቦና እንቁላል ቀማመሰች። ላላ ረቂያ ደንግጠው ተነሱ፤ ሬት የሚያስንቅ መራራ ቅጠል አፍልተው አመጡላትና ጠጥታ እስክትጨርስ ከአጠገቧ አልተነሱም። ሳቄን ለመዋጥ ጣሪያ ጣሪያውን አየሁ።

«ነገ ከምሳ በኋላ ቁርጡን እነግራታለሁ» አለችኝ ልንተኛ ስንል። «አንገቷን አይተኸዋል። አበቃ።»

በነጋታው ጠዋት ግቢው ውስጥ ሁለት በጎች ታስረው አገኘን። ድሪስ እጅጌውን ሰብስቦ፣ በያንዳንዱ እጁ አንዳንድ ቢላ ይዞ ቆሟል። አንዱን በእጀታው በኩል ወደ እኔ ዘረጋው።

«ጋሼ» አለች አዜብ፣ «ይሄ ቡናማው የእኛ ነው፤ ያኛው የእነሱ። የእኛን አንተ እረድልን።»

ክው አልኩ። እኔ ዶሮ እንኳ አርጄ አላውቅም! ኤልፍነሽ ግን ከእኔ የባሰ ደነገጠች።

«ይሄን ማን ነገራቸው?»

«እኔ ነገርኳቸው። የእኛ ሰው የሚበላው የእኛ ወንድ በሥላሴ ስም ያረደውን ነው አልኳቸው። አማቴ ማታ አንቺ ሥጋ እንዳልነካሽ ሲያዩ ገባቸው መሰለኝ፣ ሲነጋ ገበያ ወጥተው ሁለተኛውን ገዙ። ለእንግዳ ቤቴ ውስጥ የማይበላው አይቀርብለትም አሉ። ድስቱም አዲስ ነው፤ ዛሬ ነው የተገዛው።»

ኤልፍነሽ አሮጊቷን አየቻቸው። አሮጊቷ አዲሱን ድስት እያጠቡ ነበር።

እንዴት እንዳረድኩ አትጠይቁኝ። በጉን ወደ ምሥራቅ አዞርኩት፤ «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ» አልኩ፤ ከዚያ በኋላ ቢላውን የት እንደማሳርፈው ጠፋኝ። እግሩን የያዘልኝ ድሪስ ነው። በፈረንሳይኛ አንድ ነገር ተናገረ፤ አዜብ ሳቀች። «እኔ ሰው ስቀድ ከዚህ ያነሰ ደም ይፈሳል ይልሃል» አለችኝ። ሸሚዜ ከጥቅም ውጭ ሆነ። ሆኖም ታረደ፤ ሃይማኖትም ቢላም የምስክር ወረቀት አይጠይቅም።

ምሳ በሁለት ትሪ ቀረበ። እነሱ በአንዱ ዙሪያ፣ እኛ በሌላው። አዜብ መጥታ በእኛ ትሪ ተቀመጠች። ኤልፍነሽ ቅንድቧን ሰቀለች፤ ነገር ሊጀመር ነው አልኩ በሆዴ። አዜብ ግን ሥጋውን አነሳች፣ አማተበች፣ ጎረሰች። ቀስ ብላ ታኝካለች፤ ዓይኗን ጨፍናለች። ማዶ ላላ ረቂያ በሻርፓቸው ጫፍ ፊታቸውን ይጠርጋሉ። እያለቀሱ ነው።

«ምን ሆነው ነው?» አለች ኤልፍነሽ።

«ምንም።»

«አዜብ! ምን እያሉ ነው?»

አዜብ አንገቷን ደፋች። «ልጄ ቤቴ ከገባች ሥጋ ስትቀምስ ዛሬ ገና አየሁ ነው የሚሉት። መጀመሪያ ላይ ምግባቸውን የጠላሁባቸው መስሏቸው ነበር።»

የያዝኩት ቁራሽ ከእጄ ወደቀ። አራት ዓመት! ድሪስ ቀና ብሎ እንኳ አላየንም፤ ለእሱ አዲስ ነገር አልነበረም።

«ማተብሽስ?» አለች ኤልፍነሽ፤ ድምፅዋ ጠፍቷል።

«እሱን ፈታሁት፤ አማቴን ጎረቤት እንዳያማብኝ ብዬ። አንገትን ሰው ያያል እትዬ። የምበላውን ግን የሚያይብኝ የለም። አንቺ የመጣሽ ቀን ፊትሽን ቀና ብዬ የማይበት አንድ ነገር ይኑረኝ ብዬ ነው። የሚያርድልኝ ወንድ የለም፤ ስለዚህ ሥጋውን ተውኩት።» ከዚያ እንባዋን ጠረገችና ፈገግ አለች። «እናንተስ? ሎስ አንጀለስ ውስጥ ማን ነው የሚያርድላችሁ? ጋሼን እንደዚህ ነው እንዴ የምታሠሪው?»

ስትጠይቅ ተንኮል የለባትም። ለእኔ ግን ፒኮ ላይ ያለው ገበያ፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ የተደረደረው ሥጋ፣ ኤልፍነሽ በጣቷ ጫን ጫን እያለች ቀዩን ስትመርጥ ታየኝ። ስብ አለው ወይ ብላ ጠይቃ ታውቃለች። ማን አረደው፣ በማን ስም አረደው ብላ ግን አንድም ቀን አልጠየቀችም። እኔም። ሰው ይረደው መኪና እንኳ አናውቅም። ረቡዕና ዓርብን ስትጠብቅ የኖረች ሴት፣ ማክሰኞ ምን እንደምትበላ አላሰበችበትም!

«እኛማ…» ብዬ ልዋሽ ጀመርኩ።

«ዝም በል ኅሩይ» አለች። ወደ እህቷ ዞረች። «ማንም አያርድልንም። ከሱፐርማርኬት ነው የምንገዛው። ማን እንዳረደው ጠይቄ አላውቅም።»

«አንድም ቀን?»

«አንድም ቀን።»

አዜብ መሳቅ ጀመረች፤ ከዚያ ሳቁ አፏ ላይ ተበላሸ። «ታዲያ እኔ…» አለችና ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰችውም።

ያን ጊዜ ነው ኤልፍነሽ ከመቀመጫዋ ተነስታ እህቷ እግር ላይ የወደቀችው። በእኛ አገር ታናሽ በታላቅ እግር ላይ ይወድቃል፤ ታላቅ፣ ያውም ያዘለች ታላቅ፣ ታናሿ እግር ላይ ስትወድቅ ያየ ካለ ይንገረኝ። ላላ ረቂያ ራሷን የሳተች መስሏቸው የአበባ ውሃ ይዘው እየሮጡ መጡ፣ ፊቷ ላይ ረጩት። ድሪስ ከመሬት ተንበርክኮ የእጇን ትርታ ያዘ።

«እትዬ፣ ተነሺ! ነውር ነው! እባክሽ ተነሺ!»

«ይቅር በዪኝ።»

«ይቅር ለእግዚአብሔር፤ ብቻ ተነሺ!»

ስትነሳ ፊቷ በአበባ ውሃና በእንባ ርሷል። «ከዛሬ ጀምሮ ከዚህ ገበታ የቀረበልሽን ብዪ» አለቻት። «ኃጢአቱ በእኔ ይሁን።»

አዜብ እጇን ሳመቻት። ትብላ አትብላ እስከ ዛሬ አላውቅም። ኤልፍነሽም አልጠየቀቻት።

ሳምንት ቆየን። ጎትቼ አመጣታለሁ ያለችው ሴት ስለ መምጣት አንድ ቃል አልተነፈሰችም፤ እቆርጣለሁ ያለችውም ሴት ከእህቷ ጋር ክንድ ለክንድ ተያይዛ ገበያ ስትወጣ፣ ስትገባ ሰነበተች። የምንመለስ ዕለት ሁሉም አውቶቡሱ ድረስ ሸኙን። ሾፌሩ ሞተር አስነስቷል። ኤልፍነሽ አንድ እግሯን ደረጃው ላይ ካሳረፈች በኋላ ተመልሳ ወረደችና ላላ ረቂያ ፊት ቆመች።

«አዜብ፣ ንገሪያቸው» አለች። «ይህች ልጅ እናት የላትም። እኔ ነኝ ያሳደግኋት፤ እኔ ደግሞ ሩቅ ነኝ። ከእንግዲህ የእርስዎ ናት፤ አደራ በሰማይ አደራ በምድር በያቸው።»

አዜብ የራሷን አደራ ራሷ መተርጎም ነበረባት፤ ግማሹ ላይ ስትደርስ ድምፅዋ ተቆረጠ። አሮጊቷ የቀረውን አልጠበቁም። የኤልፍነሽን እጅ ያዙ፣ ወደ ላይ አነሱትና በገዛ ራሳቸው አናት ላይ አስቀመጡት።