ጎህ ሲቀድ የት ነኝ?

ጎባ ያለው ትምህርት ቤታችን ርዕሰ መምህር፣ ከእንግዲህ አንድ ቀን ባረፍድ ወንበሬን ለሌላ ተማሪ እንደሚሰጡት ነገሩኝ። ቤታችን በሮቤ መንገድ ላይ፣ ከጎባ አሥር ኪሎ ሜትር ይርቃል። ደወሉ ሁለት ሰዓት ላይ ይደወላል፤ እኔ በእግሬ ሁለት ሰዓት ተኩል እደርሳለሁ።

የሒሳብ መምህራችን ያን ሰሞን የቀጥታ መስመር እኩልታ ያስተምሩን ነበር። «ሁለት ነጥብ ካላችሁ መስመር አላችሁ፤ ከኑሯችሁ አምጡ» አሉን። እኔ ምን ጠፍቶኝ! መንገዴን አመጣሁ። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ቤቴ፣ ዜሮ ኪሎ ሜትር፤ ሁለት ሰዓት ላይ ከቤታችን ስምንተኛው የኪሎ ሜትር ድንጋይ።

ሰዓቱን አግድም፣ ኪሎ ሜትሩን ወደ ላይ አድርጌ ሰሌዳው ላይ ሳሰምረው መስመሩ ቁልቁል ወረደ። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ቀልደኛ «ወደ ኋላ ነው እንዴ የምትሄጂው? ለዚህ ነዋ የምታረፍጂው!» ሲል ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። አፈርኩ፤ ከማፈሬ ይልቅ ግን ነገሩ ገረመኝ። እግሬ ወደፊት እየሄደ መስመሬ ለምን ይመለሳል? ጠመኔውን ይዤ ቆሜ ሳለ መጣልኝ። እኛ አሥራ ሁለት ካልን በኋላ አንድ ነው የምንለው፤ ቁጥሩ ያንሳል እንጂ ሰዓቱ አይመለስም።

«መምህር፣ አሥራ ሁለትን ዜሮ ብዬ ብጀምርስ?»

«ሞክሪዋ!»

መስመሩ ሽቅብ ወጣ፤ በሰዓት አራት ኪሎ ሜትር። ዋይ እኩል ይሆናል አራት ኤክስ። ደስ አለኝ፤ እሳቸው ግን አልለቀቁኝም።

«አሁን ደግሞ ፍጥነትሽን ሳትነኪ፣ ሁለት ሰዓት ላይ ጎባ የሚያደርስሽን መስመር ሥሪልኝ።»

ሠራሁት፤ አራት ኤክስ ሲደመር ሁለት። ሁለቱ ምን እንደሆነ ሲጠይቁኝ ትንሽ አሰብኩ።

«ጎህ ሲቀድ የት መሆን እንዳለብኝ ነው፤ ሁለተኛው ድንጋይ ላይ።»

«ታዲያ ከቤት ስንት ሰዓት ትወጫለሽ?»

«ከዜሮ በፊት፤ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል።»

 በዚያ ሰዓት መንገዱ የጅብ ነው፤ አባቴ በጨለማ እንደማይለቀኝ አውቃለሁ።

አመሻሹ ላይ ደብተሬን አሳየሁት። አባቴ ሮቤ ከተማ አንድ ቢሮ ውስጥ ጸሐፊ ነበር። ጣቱን በመስመሩ ላይ እየጎተተ ከዜሮ ወደ ግራ አለፈ።

«ይቺስ?»

«እሷ ጨለማ ናት፣ አባባ።»

 ከዚያ ተነሥቶ የእጅ ባትሪውን ይፈልግ ጀመር።

ወንበሬን ማንም አልወሰደብኝም። አባቴ ዓመቱን ሙሉ እስከ ሁለተኛው ድንጋይ አብሮኝ ሄደ። እዚያ ስንደርስ ሰማዩ ይገለጣል፤ ባትሪውን ያጠፋና «በይ፣ ሁለቱ አልቋል፤ አራት ኤክሱ ያንቺ ነው» ብሎኝ ይመለሳል።